«ከልክ በላይ» የምንለውን በእንግሊዝኛ በየትኛው ግስ እንጻፈው?

ጥያቄው፦ «ሰላም መምህር። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት የስምሪት ክፍል ነው የምሠራው። ለዋናው መሥሪያ ቤት የምንልከው ሪፖርት በእንግሊዝኛ ስለሆነ በየሳምንቱ እቸገራለሁ። እኛ 'ከልክ በላይ' ብለን የምንገላገለውን እነሱ በየቦታው በሌላ በሌላ ግስ ይጽፉታል። እኔ ሁሉንም በ'ኦቨር' ስለምሞላው በቀይ እየታረመ ይመለስልኛል። ያለፈው ሳምንት የተመለሱብኝ እነዚህ አራቱ ናቸው፤ ሹፌሩ ከተፈቀደው 3 ቶን አስበልጦ ሲሚንቶ ጫነ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን አበዛ፤ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ከሥልጣኑ በላይ ፈረመ፤ ረዳቱ ከፈቃዱ 4 ቀን አሳልፎ መጣ። 'ኦቨርዩዝ'፣ 'ኤክሲድ'፣ 'ኦቨርስቴፕ' እና 'አቢዩዝ' ልዩነታቸው ምንድን ነው? አንዱን በአንዱ ፈንታ መጻፍ አይቻልም ወይ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ችግሩ የቃላት እጥረት አይደለም። የሁለቱ ቋንቋዎች አሠራር ስለሚለያይ ነው። አማርኛ ትርፉን ከግሱ ውጭ ነው የሚያስቀምጠው። «ከልክ በላይ» ብለሽ ከፊት ታስቀምጫለሽ፤ ከዚያ በኋላ ጫነ፣ ፈረመ፣ ቆየ፣ በላ፣ ተናገረ፣ የፈለግሽውን ግስ ታስከትያለሽ። ግሱ አይለወጥም፤ ተሳቢውም፣ ማለትም ድርጊቱ የሚያርፍበት ስም፣ ያው የድሮው ነው። እንግሊዝኛ ግን ብዙ ጊዜ ትርፉን ግሱ ውስጥ ይከተዋል። ትርፉ ግሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ግሱ ተሳቢውን ይመርጣል፤ አንዱ መኪናውን ይፈልጋል፣ አንዱ ገደቡን፣ አንዱ ሥልጣኑን፣ አንዱ የፈቃዱን ቀን። አንዱን በአንዱ ፈንታ መጻፍ የማይቻለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ግስ ከመምረጥሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፤ እዚህ የታለፈው ነገር ምንድን ነው? ቁጥር ነው? የመሸከም አቅም ነው? የተሰጠ ሥልጣን ነው? ቀን ነው? ወይስ የታለፈ መስመር ሳይኖር በአጠቃቀም ብዛት የተጎዳ ነገር ነው ያለው? መልሱን ስታገኚ ግሱ ከሞላ ጎደል ራሱ ይመጣል።

በሲሚንቶው እንጀምር። በአማርኛ «ሲሚንቶ ጫነ» ስንል ተሳቢው ሲሚንቶው ነው፤ መኪናው «ላይ» የሚለውን ይዞ ዳር ይቆማል። ይህን ይዘሽ ወደ እንግሊዝኛ ስትሄጂ «ኦቨርሎደድ ዘ ሲመንት» ትያለሽ፤ በቀይ የሚሰመርበትም እዚህ ላይ ነው። «ኦቨርሎድ» የሚፈልገው ሸክሙ የበዛበትን እንጂ ሸክሙን አይደለም። ተሳቢው መኪናው፣ አክስሉ (ጎማዎቹ የሚያያዙበት ዘንግ)፣ አህያው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። ሲሚንቶውን መጥቀስ ከፈለግሽ በ«ዊዝ» ታስገቢዋለሽ፤ «ዘ ድራይቨር ኦቨርሎደድ ዘ ትራክ ዊዝ ሲመንት»።

«ኤክሲድ» ደግሞ መኪናውንም ሲሚንቶውንም አይፈልግም። የሚፈልገው ገደቡን ብቻ ነው። የተፈቀደው ክብደት፣ የፍጥነት ወሰን፣ በጀት፣ የሰዓት ጣሪያ፣ በቁጥር ሊጻፍ የሚችል ማንኛውም መስመር ተሳቢው ይሆናል። «ዘ ሎድ ኤክሲደድ ዘ ሊሚት ባይ 3 ተንስ» ማለት ጭነቱ ከወሰኑ በ3 ቶን አለፈ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሦስት ስሕተቶች ይደጋገማሉ።

አንደኛው «ኤክሲድ ፍሮም ዘ ሊሚት» ወይም «ኤክሲድ አባቭ ዘ ሊሚት» ማለት ነው። ይህ የእኛ «ከ» እና «በላይ» ተሸክመው የመጡት ነው። «ኤክሲድ» በውስጡ «በላይ»ን ስለያዘ መስተዋድድ አያስፈልገውም፤ ግሱን ጽፈሽ ገደቡን ወዲያው አስከትይ።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሰዋስው ሳይሆን ቁጥር ያበላሻል። የተፈቀደው 30 ቶን ነው እንበል፤ ምድር ሚዛኑ 33 አነበበ። በአማርኛ «በ33 ቶን ተያዘ» ስለምንል «ኤክሲደድ ባይ 33 ተንስ» ብሎ የሚጽፍ አለ። በእንግሊዝኛ ግን ከ«ባይ» በኋላ የሚመጣው ልዩነቱ ብቻ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ለአንባቢው ጭነቱ 63 ቶን ነበር ይለዋል። ጠቅላላውን መናገር ከፈለግሽ ለብቻው ጻፊው፤ «ዘ ትራክ ዌይድ 33 ተንስ፣ 3 ተንስ ኦቨር ዘ ሊሚት»። ይህ ቀላልና ንጹሕ አጻጻፍ ነው። እኔ ብሆን ለምድር ሚዛን ሪፖርት የምመርጠው ይህንኑ ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች ስለሚታዩበት ማንም ደውሎ አይጠይቅሽም።

ሦስተኛው የ«ኦቨር» ብቻውን መቆም ነው። በአማርኛ ወሬያችን «ጭነቱ ኦቨር ነው» እንላለን፤ ይገባናልም። በእንግሊዝኛ «ዘ ሎድ ኢዝ ኦቨር» ብለሽ ነጥብ ካደረግሽ ግን የሚነበበው «ጭነቱ አበቃ» ተብሎ ነው፤ «ዘ ሚቲንግ ኢዝ ኦቨር» ስብሰባው አለቀ እንደሚባለው። «ኦቨር» የመብለጥን ትርጉም የሚይዘው ከኋላው ገደቡ ወይም ቁጥሩ ሲከተለው ነው። «ኦቨር ዘ ሊሚት»፣ «ኦቨር 30 ተንስ» ልክ ነው። ግስ አድርጎ «ኦቨርድ» ማለት ግን በዚህ ትርጉም በእንግሊዝኛ የለም።

አሁን ከ«ኦቨርሎድ» እና ከ«ኤክሲድ» የትኛውን ትጽፊያለሽ? ይህ የሰዋስው ብቻ ሳይሆን የኃላፊነትም ጉዳይ ነው። «ዘ ድራይቨር ኦቨርሎደድ ዘ ትራክ» ብለሽ ከጻፍሽ አጥፊው ሹፌሩ ነው አልሽ። የጫኑት የመጋዘኑ ጫኞች ከሆኑ፣ ሹፌሩም ሳይመዘን ተነሥቶ እንደሆነ፣ ያ ዓረፍተ ነገር በሰው እንጀራ ላይ የሚመጣ ነው። ማን እንደጫነ ካልተጣራ «ዘ ትራክ ዋዝ ኦቨርሎደድ» በይ። መኪናው ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ነበር ማለት ነው፤ ማን ጫነው የሚለውን ክፍት ይተዋል። ጠቅላላ ክብደቱ በወሰኑ ውስጥ ሆኖ ጭነቱ ወደ ኋላ በመከማቸቱ የኋላው አክስል ብቻ ካለፈ ደግሞ መኪናው ሳይሆን አክስሉ ነው ተሳቢው፤ «ዘ ሪር አክስል ዋዝ ኦቨርሎደድ»። እዚህ ላይ «ትራክ» ብሎ መጻፍ ሐሰት ይሆናል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ልዩነት አለ። በ«ኦቨር» የሚጀምሩት ግሶች አብዛኞቹ ወቀሳ አለባቸው፤ «ኤክሲድ» ግን ገለልተኛ ነው። ስለዚህ «ኤክሲድ» ለምስጋናም ይሆናል። የኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በወሩ ከታቀደው በላይ አመረተ ለማለት «ኤክሲደድ ኢትስ ታርጌት» ሲባል ሙገሳ ነው። «ኦቨርፕሮዱስድ» ከተባለ ግን ገበያ የማይገዛውን አምርቶ መጋዘን ሞላ የሚል ክስ ይሆናል። በአማርኛ ሁለቱም «ከመጠን በላይ አመረተ» ተብለው ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ በጎ ነገር ስትጽፊ ከ«ኦቨር» ራቂ። ፊደሉ ደግሞ ኢ፣ ኤክስ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኢ፣ ዲ ነው። በዚህ በሲ-ድርብ ኢ-ዲ የሚያልቁ የእንግሊዝኛ ግሶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ «ኤክሲድ»፣ «ፕሮሲድ» እና «ሰክሲድ»። ሦስቱን አንድ ላይ ከያዝሽ አትሳሳቺም።

ወደ ሐረጎ እንውረድ። «ፍሬን አበዛ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለ«ኦቨርዩዝ» ከሚመቹት ሁሉ የተመቸ ነው። «ኦቨርዩዝ» በአንድ ጊዜ ብዙ መጠን መውሰድ አይደለም። ደጋግሞ ወይም ሳያቋርጡ በመጠቀም ነገሩን እስከ መጉዳት ወይም ኃይሉን እስከ ማሳጣት መድረስ ነው። ከደሴ ወጥቶ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የተጫነ መኪና ምን እንደሚገጥመው አስቢ። ዝቅታው ከ500 ሜትር በላይ ነው። ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዝለት ካላደረገ፣ ያ ሁሉ የቁልቁለት ጉልበት የፍሬን ሸራው ላይ ወደ ሙቀትነት ይለወጣል። ሸራው በጣም ሲሞቅ መቆንጠጡ ይቀንሳል። ሹፌሩ አጥብቆ ይረግጣል፣ ይበልጥ ይሞቃል፣ በመጨረሻ ፍሬኑ እምቢ ይላል። ይህን በእንግሊዝኛ በሁለት ግስ ትጨርሺዋለሽ፦

«ዘ ድራይቨር ኦቨርዩዝድ ዘ ብሬክስ ኦን ዘ ዲሴንት፣ ኤንድ ዘይ ኦቨርሂተድ።»

የመጀመሪያው ግስ ሰው ያደረገው ነው፤ ሁለተኛው ዕቃው የሆነው ነው። «ኦቨርሂት» ያለ ተሳቢ ራሱን ችሎ ስለሚቆም «ወር ኦቨርሂተድ» ማለት አያስፈልግሽም። ሞተርም እንዲሁ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ከፈላ «ዘ ኤንጅን ኦቨርሂተድ» ነው የሚባለው።

ሹፌሩ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ በፍሬን ብቻ ወርዶ ከሆነ ግን ነገሩ የመብዛት ብቻ አይደለም፤ አጠቃቀሙ ራሱ የተሳሳተ ነው፤ ለዚህ «ሚስዩዝ» አለ። «ሚስዩዝ» መጠን አይለካም፤ ነገሩ ለማይገባው ሥራ ወይም በማይገባው መንገድ መዋሉን ብቻ ይናገራል። መፍቻን እንደ መዶሻ መጠቀም «ሚስዩዝ» ነው፤ አንዴ ቢሆንም ያው ነው። ሌላ ደግሞ አለ፤ ሹፌሩ በፍጥነት ላይ እያለ ድንገት በጣም ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ቢያስገባ፣ መንኮራኩሩ ሞተሩን ከወሰኑ በላይ ያሽከረክረዋል። ያኔ የተጎዳው ፍሬኑ ሳይሆን ሞተሩ ነው፤ ግሱም «ኦቨርሬቭ» ይሆናል። የጥገና ክፍሉ ፍሬን ይፈትሽ ወይስ ሞተር የሚለው በአንቺ ግስ ሊወሰን ስለሚችል፣ ከሹፌሩ አጣርተሽ ጻፊ።

«ኦቨርዩዝ»ን አለቦታው ስለሚያስገቡት አንድ ነገር ልጨምር። «ነዳጅ አበዛ»፣ «መብራት አበዛን»፣ «ወረቀት አበዛችሁ» ስንል የምንቆጥረው መጠን ነው፤ ነዳጁ አልተጎዳም፣ አለቀ እንጂ። ለዚህ ግልጹ «ዩዝድ ቱ መች ፊዩል» ነው። «ኦቨርዩዝድ ፊዩል» ጆሮን ይከረክራል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ላይ ግን «ኦቨርዩዝ» ትክክለኛ ቦታው ነው። ያለ አስፈላጊነቱ በተደጋጋሚ ሲወሰድ ተህዋስያኑ እየተላመዱት መድኃኒቱ ኃይሉን ያጣልና። «ኦቨርዶዝ» ከዚህ የተለየ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከሚገባው መጠን በላይ መውሰድ ነው፤ መድኃኒቱም ከ«ኦን» በኋላ ይጠራል። ስትጠራጠሪ «ቱ መች»ን ተጠቀሚ። እንደ ተራ ቃል ቢታይም የሚያሳፍር አይደለም፤ ጥሩ ጸሐፊዎች ከማንም በላይ የሚጠቀሙት እሱን ነው።

ጋራዥ አካባቢ የሚያስፈልጉሽን ቶሎ ልለፋቸው። ቡሎን አለልክ ማጥበቅ «ኦቨርታይትን» ነው፤ ጥርሱ የሚበላው በዚህ ነው። ጎማን አብዝቶ መንፋት «ኦቨርኢንፍሌት»፣ የሞተር ዘይት ከምልክቱ በላይ መሙላት «ኦቨርፊል» ነው። ዘይቱ ሲበዛ የሚሽከረከረው ዘንግ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም። በሦስቱም ተሳቢው ዕቃው ነው፤ ቡሎኑ፣ ጎማው፣ ሞተሩ።

ሰውን በሥራ ብዛት ማድከም «ኦቨርዎርክ» ነው። ይህን ከ«ኦቨርታይም» ጋር አታቀላቅዪው፤ «ወርክድ ኦቨርታይም» ማለት ትርፍ ሰዓት ሠራ ማለት ብቻ ነው፤ ተከፍሎት፣ ወዶ ሊሆን ይችላል። «ዋዝ ኦቨርዎርክድ» ግን ተጎዳ የሚል ክስ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ይህ «አይበልጥም» በእንግሊዝኛ ሕግ አጻጻፍ «ሻል ኖት ኤክሲድ» ነው። ሕግ ቁጥር ሲያስቀምጥ የሚጠቀምበት ግስ ያው «ኤክሲድ» መሆኑን ልብ በይ።

አሁን ከአራቱ ከባዱ ጋ ደረስን። «የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ከሥልጣኑ በላይ ፈረመ» የሚለው በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሆንም በእንግሊዝኛ አራት የተለያዩ ጉዳዮች ሊሆን ይችላል። አንዱን በሌላው ስትተኪ ሰው ትጎጃለሽ።

ኃላፊው እስከ 20,000 ብር እንዲፈርም ተፈቅዶለት የ35,000 ብር ዕቃ ወጪ ፈረመ እንበል። የታለፈው ቁጥር ነው፤ ስለዚህ «ሂ ኤክሲደድ ሂዝ ሳይኒንግ ሊሚት ባይ 15,000 ብር»። ደረቅ ነው፣ ትክክል ነው፣ ማንንም አይሳደብም። ስሕተትም ሆነ ድፍረት መሆኑን ምርመራው ይወስን።

ሁለተኛው ጉዳይ፤ ኃላፊው የዕቃ ወጪ መፈረም ሥራው ሆኖ ሳለ ሠራተኛ የማሰናበቻ ደብዳቤ ላይ ፈረመ። እዚህ ቁጥር የለም። የታለፈው የሥራ ድርሻው ዳር ነው። ይህ «ኦቨርስቴፕ» ነው፤ «ሂ ኦቨርስቴፕት ሂዝ ኦቶሪቲ»። ቃሉ ሲፈታ «ተራምዶ አለፈ» ማለት ነው፤ መስመር ተሠምሮ ሰውየው እግሩን ወዲያ ማዶ ሲያሳርፍ ይታይሻል። ተሳቢዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሥልጣን፣ የሥራ ድርሻ፣ ወሰን፣ «ዘ ማርክ» የሚሉት መስመር። ክብደትን፣ ፍጥነትን፣ በጀትን «ኦቨርስቴፕ» ማድረግ አይቻልም። «ኦቨርስቴፕት ዘ ስፒድ ሊሚት» የተባለ ዓረፍተ ነገር ወዲያው ይመለስብሻል።

ሦስተኛው፤ ኃላፊው በ20,000 ብሩ ውስጥ ነው የፈረመው፤ አንድ ብር አላለፈም። ነገር ግን ዕቃውን ያወጣው ለዘመዱ ሱቅ ነው። ገደቡ አልታለፈም፤ ዓላማው ነው የተበላሸው። «አቢዩዝ» የሚባለው ይህ ነው፤ «ሂ አቢዩዝድ ሂዝ ኦቶሪቲ»። በአማርኛ «ሥልጣኑን ያለአግባብ ተጠቀመ» እንላለን፤ «ከሥልጣኑ በላይ» አንልም። ልዩነቱን ለመያዝ የሚረዳው ይህ ነው፦ በ«ኦቨርስቴፕ» ሰውየው ያልተሰጠውን ወሰደ፤ በ«አቢዩዝ» የተሰጠውን አበላሸ። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊያደርግ ይችላል፤ ግን አንዱ ሌላውን አያረጋግጥም።

አራተኛው፤ ሌላ ሰው የወሰነውን ሽሮ የራሱን ፈረመ። ይህ «ኦቨርራይድ» ነው፤ ተሳቢው የተሻረው ውሳኔ ነው። ወቀሳ ላይኖረውም ይችላል፤ ሥራ አስኪያጅ የበታቹን ውሳኔ ሊሽር መብት አለውና።

ያንቺ ዓረፍተ ነገር ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ከጥያቄሽ መለየት አይቻልም። ለዚህም ነው አራሚው የመለሰው ብዬ አምናለሁ። እውነቱን ካላወቅሽ ከ«ኤክሲድ» አትውጪ። «አቢዩዝ» በሪፖርት ላይ የወንጀል ሽታ ያለው ቃል ነው፤ በሰነድ ካልተደገፈ በሰው ስም አጠገብ አይጻፍ። በዕለት ንግግር እኛ «ፈር ለቀቀ» የምንለው፣ በሬው ከፈሩ እንደሚወጣው ነገሩ መስመሩን ሲስት፣ በእንግሊዝኛ «ወንት ቱ ፋር» ይባላል። ይህ ለቃል እንጂ ለሪፖርት አይሆንም።

ከሥልጣን ወደ መሬት ስንሻገር አማርኛ ራሱ የተዋጣለት ግስ አለው፤ «ድንበር ገፋ»። አጥር እየተነቀለ በዓመት በዓመት አንድ ክንድ ወደ ጎረቤት ሲጠጋ የሚባለው ነው። እንግሊዝኛውም ልክ እንዲሁ ቀስ በቀስነትን የያዘ ግስ አለው፤ «ኢንክሮች»፤ ብዙ ጊዜ «ኦን» ይከተለዋል። ደሴ ላይ ዳገት ዳገቱን እየተጠጉ የሚሠሩ ቤቶች ወደ ደኑ ገቡ ለማለት «ሃውዚንግ ኢዝ ኢንክሮቺንግ ኦን ዘ ፎረስት» ትያለሽ። በአንድ ሌሊት የተደረገ ነገር «ኢንክሮች» አይባልም። ያለፈቃድ የሰው ግቢ መግባት ብቻ ከሆነ «ትሬስፓስ» ነው፤ እሱም «ኦን» ይወዳል። ሕግን «ቫዮሌት»፣ ውልን «ብሪች» ያደርጋሉ፤ መብት ሲነካ «ኢንፍሪንጅ» ነው። ግጦሽን በከብት ብዛት ማራቆት «ኦቨርግሬዝ» ነው፤ ተሳቢው መሬቱ እንጂ ከብቱ አይደለም።

የረዳቱ ነገር ቀላል ነው። የታለፈው ቀን ነው፣ ያለፈው ደግሞ ሰው ነው፤ ስለዚህ «ኦቨርስቴይ»፤ «ዘ አሲስታንት ኦቨርስቴይድ ሂዝ ሊቭ ባይ 4 ዴይስ»። ተሳቢው ፈቃዱ ነው። ይህ ግስ በቪዛ ላይም የሚሠራ ስለሆነ ወደ ዓረብ አገር ዘመድ ላላቸው የወሎ ቤተሰቦች ማወቁ ይጠቅማል። «ዘ ቪዛ ኤክስፓየርድ» የቪዛው ጊዜ አበቃ ማለት ብቻ ነው፤ ሰውየው ቀድሞ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። «ኦቨርስቴይድ ሂዝ ቪዛ» ግን ሰውየው ጊዜው ካለፈ በኋላ እዚያው ቆየ የሚል ነው። ቅጽ ሲሞላ ወይም ደብዳቤ ሲጻፍ አንዱን በሌላው መተካት ያልተደረገን ጥፋት ማመን ነው። ሰው ሳይሆን ስብሰባው ወይም ግንባታው ከቀኑ ካለፈ ግሱ «ኦቨርራን» ይሆናል። የጥገና ቀኑ ያለፈበት መኪና ደግሞ ግስ አያስፈልገውም፤ «ኦቨርዲው» በሚባል ቅጽል ያልፋል።

በገንዘብ በኩል ሦስቱን ብቻ ያዢ። ነጋዴ ዋጋ ሲቆልልብሽ «ኦቨርቻርጅ» ነው፤ ተሳቢው አንቺ ነሽ እንጂ ዋጋው አይደለም፤ «ዘይ ኦቨርቻርጅድ አስ»። ይኸው ቃል ባትሪን አለልክ ቻርጅ ማድረግም ነው፤ ተሳቢው ይለየዋል። አለልክ ማውጣት «ኦቨርስፔንድ» ሲሆን «ኦን» ይከተለዋል። በባንክ ሒሳብ ካለው በላይ ማውጣት «ኦቨርድሮው» ነው።

በ«ኦቨር» ተጀምረው ግን ከመብዛት ጋር ምንም የማይገናኙ ግሶችም አሉ፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። «ኦቨርሉክ» አብዝቶ ማየት ሳይሆን ሳያዩ ማለፍ ነው። ከዚህ ሌላ ከፍ ብሎ ቁልቁል ማየትም ይሆናል፤ ጦሳ ተራራ ደሴን ከበላይ ያያል ለማለት «ጦሳ ኦቨርሉክስ ደሴ» ይባላል። «ኦቨርሲ» መቆጣጠር ነው። ከሁለቱ ጋር የተያያዘው ስም «ኦቨርሳይት» ሁለት ተቃራኒ ትርጉም አለው፤ ቁጥጥር ማለትም ነው፣ ሳይታይ ያለፈ ስሕተት ማለትም ነው። «ዲው ቱ አን ኦቨርሳይት» ከሆነ ስሕተት ነው፤ «አንደር ዘ ኦቨርሳይት ኦቭ» ከሆነ ቁጥጥር ነው። «ኦቨርቴክ» ደርቦ ማለፍ፣ «ኦቨርተርን» መገልበጥ፣ «ኦቨርሆል» ሞተር አውርዶ ማደስ ነው። «ዘ ትራክ ኦቨርቱክ» እና «ዘ ትራክ ኦቨርተርንድ» በአንድ ቃል ነው የሚለያዩት፤ አንዱ ቀደመ፣ አንዱ ተገለበጠ። በስልክ ስታስነግሪ በተለይ ተጠንቀቂ።

በመጨረሻ የአጻጻፉና የአነጋገሩ ነገር። «ኦቨር» ከግሱ ጋር ተያይዞ በአንድ ቃል ይጻፋል፤ ለያይተሽ ስትጽፊው ትርጉሙ ይፈርሳል። የኃላፊ ጊዜው ከሥሩ ግስ ጋር ይሄዳል፤ «ዱ» «ዲድ» እንደሚሆን «ኦቨርዱ» «ኦቨርዲድ» ይሆናል፤ «ድሮው» «ድሩ» ስለሆነ «ኦቨርድሩ»፤ «ራይድ» «ሮድ» ስለሆነ «ኦቨርሮድ»። «ሎድ»፣ «ስቴይ»፣ «ስቴፕ»፣ «ዩዝ» ደንበኞች ስለሆኑ በኢ-ዲ ያልቃሉ፤ «ስቴፕ» ሲራዘም ፒው ሁለት ይሆናል። «ዩዝ»፣ «ኦቨርዩዝ»፣ «ሚስዩዝ» እና «አቢዩዝ» ግስ ሲሆኑ መጨረሻቸው «ዝ» ነው፤ ስም ሲሆኑ ግን ፊደሉ ሳይለወጥ «ስ» ይሆናል፤ «ዘ ኦቨርዩስ ኦቭ ብሬክስ»። «ኦቨርሎድ»ም ስም ሲሆን ድምፁ ፊተኛው ላይ ይጠብቃል፣ ግስ ሲሆን «ሎድ» ላይ።